ስድስት ትንፋሽ ከቦስተን

እባካችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ኢትዮፒክስ» ከሚባለው የሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ ቁጥር 20ን ፈልጋችሁ አዳምጡ። ርእሱ «ላይቭ ኢን አዲስ» ነው። ቡድኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው ቦስተን ነው። መሪው፣ አቀናባሪውና ሳክስፎን ተጫዋቹ ደግሞ ረስ ገርሾን የሚባል ሰው ነው። ይህን ሥራ ካገኘሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማዳመጥ አቅቶኛል። ጠዋት ሱቅ ስከፍት እሱ ነው፣ ምሳ ሰዓት እሱ ነው፣ ማታ ሒሳብ ስዘጋም እሱ ነው። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ሸቀጥ ሊገዙ የሚሻገሩ ደንበኞቼ «ዛሬም ያው ነው?» ይሉኛል። ያው ነው! ነገም ያው ነው!

ወደ ድንበር ከተማችን ወደ ሞያሌ ሙዚቃ የሚገባው በሁለት በር ነው። በሰሜን የአዲስ አበባው፣ በደቡብ የናይሮቢው ይመጣል። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው የቦረናን ዜማ፣ ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊኛና አማርኛ ዘፈን በአንድ ጀምበር ሳይሰማ አይውልም። ይህ ሙዚቃ መምጣት የነበረበት በሰሜኑ በር ነበር፤ የተቀዳው አዲስ አበባ ነውና። እሱ ግን በ1996 ዓ.ም. ጥር ወር እዚያ ተቀድቶ፣ በማግሥቱ ዓመት ፓሪስ ያለው ቡዳ ሙዚክ በሁለት ሲዲ አሳትሞት፣ ስንት ዓመት ዓለምን ዞሮ ዞሮ፣ በመጨረሻ በአንድ የናይሮቢ ሾፌር ፍላሽ ውስጥ ሆኖ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል እኔ ዘንድ ደረሰ። ሾፌሩ ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «የአገርህን ዜማ ፈረንጅ እንዴት አድርጎ እንደሚነፋው ስማ» አለኝ። ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ለሾፌሩ ሻይ ማዘዜን እንኳ ረሳሁ።

ምን ሰማሁ? ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን፣ ሦስት ሳክስፎን። በጠቅላላው ስድስት የትንፋሽ መሣሪያ። ከሥራቸው ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራምና ኮንጋ አለ። አሥር ሰው ናቸው። ስድስቱ ነፊዎች ባንድነት ትንፋሽ ስበው የመጀመሪያውን ድምፅ ሲለቁት ደረት ይመታል። ደግሞ የሚነፉት የእኛን ዜማ ነው! አጅበው፣ አሳምረው፣ ከላይ ከላይ አስጊጠው አይደለም። ዜማውን ወደ ውስጥ ስበው፣ ለስድስት አፍ አከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የየድርሻውን ይዞ ይወጣል። አንዱ ዜማውን ሲያወጣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከሥር ያጉረመርማል፣ ትሮምቦኑ ከጎን ገብቶ ይሞግታል። ባሪቶን ሳክስፎኑ ወለሉን ሲያናውጥ የሱቄ መደርደሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የምሬን ነው።

ረስ ገርሾን ኢዘር ኦርኬስትራን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ነው። ዘመኑን አስቡት። የትልልቅ ባንዶች ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ አሥር ሰው ይዞ መንገድ መውጣት፣ ማብላት፣ ማሳደር የማይታሰብ ወጪ ነው። ሰውየው ግን ነፊዎች ሰበሰበ፣ ቅንብር ጻፈላቸው፣ መኪና ላይ ጭኖ አሜሪካን አዞራቸው። አኩሬት ሬከርድስ የሚባል የራሱን የሙዚቃ ማሳተሚያም አቋቋመ። በዚያ ባንድ ውስጥ አልፈው ዛሬ በየፊናቸው ስመ ጥር የሆኑት ብዙ ናቸው፤ ፒያኒስቱ ጆን ሜደስኪ፣ ድራመሩ ማት ዊልሰን፣ ሳክስፎኒስቱ ሚጌል ዜኖን ከእነሱ መካከል ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት የተጀመረ ባንድ ነው! አቀናባሪ ሲባል ክፍሉን ዘግቶ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ገርሾን የሚጽፈው ለሚያውቃቸው ሳንባዎች ነው። ይህ ድምፅ ለቶም ሃልተር ትራምፔት፣ ይህ ለጆኤል የኒየር ትሮምቦን፣ ይህ ለሄንሪ ኩክ ባሪቶን ብሎ ነው የሚያከፋፍለው። ስለዚህ ሙዚቃው ትንፋሽ አያጥረውም፤ ማን የት ላይ እንደሚተነፍስ አቀናባሪው ቀድሞ ያውቃል።

የእኛን ዜማ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የ1960ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሸክላዎችን ሰብስቦ ያሳተመውን አልበም ሰማና ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው አልበም ላይ የኢትዮጵያ ዜማዎችን ለባንዱ አቀናብሮ አስገባ። ያ ቅንብር ተመልሶ ፋልሴቶ ጆሮ ደረሰ። ፋልሴቶም «ኑ፣ አዲስ አበባ ላይ ተጫወቱት» አላቸው። አያችሁ? ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ቦስተን፣ ከቦስተን ወደ አዲስ አበባ። በድንበር ከተማ ለሚኖር እንደኔ ላለ ሰው እንዲህ ያለው ጉዞ ልብ ያሞቃል። ዕቃ ሲሻገር ይቀረጣል፣ ይፈተሻል፣ ይጎድላል። ይህ ዜማ ግን በተሻገረ ቁጥር ሲጨመርበት እንጂ ሲቀነስበት አላየሁም።

ደግሞም የትንፋሽ ሙዚቃችን ከመጀመሪያው እንዲሁ ነው የመጣው! ይህን ሳነብ ነው የበለጠ ያበድኩት። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላከላቸው፤ በቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያው የማርሽ ሙዚቃ በዚያ ተጀመረ። ቀጥሎ አርባ ልጆች መጡ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ወላጆቻቸውን በአርመኖች እልቂት ያጡ ልጆች ባንድ ሆነው ሲነፉ አዩ፤ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ልጆቹ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ዐውደ ዓመቱ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው! መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የእሳቸው ድርሰት ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል ላይ ዓለም የሰማው ያንን ነው። አርባ ወላጅ አልባ ስደተኞች ያንን ማርሽ ሲነፉ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ስንት ጊዜ ከሥራዬ እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከኬቮርክ ቀጥሎ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን አሉ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነርሲስ ሊታለፉ የሚገባቸው ሰው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1915 ዓይንታብ ተወልደው አሌፖ ያደጉ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው፣ በኋላም ኢትዮጵያዊ ዜግነት ወስደው፣ በ1977 እዚያው ያረፉ ሊቅ ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱን፣ የፖሊስን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራዎች አሠልጥነዋል። ችግራቸው አንድ ነበር፤ ከባድም ነበር። በአምስት ድምፅ የተሠራን ዜማ ለአሥራ ምናምን ነፊ እንዴት ታከፋፍለዋለህ? የአውሮፓ ትምህርት ቤት ያስተማረው የድምፅ አደራደር ሰባት ድምፅ ይፈልጋል። በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ ያንን ከጫንክበት ዜማው ይሞታል፤ ሌላ አገር ይሄዳል። ነርሲስ መንገድ አገኙለት። የእሳቸው ተማሪዎች የነፉባቸው ሸክላዎች ናቸው ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያነሳቸው። የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱ ኦርኬስትራ፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ ሁሉ ከኋላቸው ያ የትንፋሽ ግንብ ነበራቸው።

ገርሾን ይህ የገባው ይመስለኛል፤ ከሁሉ በላይ የማደንቀውም ለዚህ ነው። በ«ላይቭ ኢን አዲስ» ላይ የጃዝ ሰው ነኝና ጃዝ ላልብሰው አላለም። ጆሮ ሰጥቼ ደጋግሜ ስሰማው ከሥር የሚደረድራቸው ድምፆች ከቅኝቱ ከራሱ የተወሰዱ ናቸው። በባቲ ከሆነ በባቲ ድምፆች ይደረድራል፤ ስለዚህ ስድስቱ ባንድ ላይ ሲነፉ ወፍራም ይሆናል እንጂ ባዕድ አይሆንም። ክፍተት ሲኖርም ክፍተቱን አይደፍነውም። በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው ሶሎ ነፊው የሚገባውና የራሱን የሚናገረው። አሜሪካዊ ነው፤ የተማረውን ሁሉ ያውቃል፤ ሲናገር ግን ዜማውን አቋርጦ አይደለም፣ አስፈቅዶ ነው። ኦርኬስትራዎቻችንን የሠሩት ናልባንዲያኖች እንዲህ ነበሩ። ገርሾን የነርሲስን ሥራዎች አንስቶ ለኢዘር ኦርኬስትራ አዘጋጅቶ መጫወቱን ስሰማ ምንም አልገረመኝም። ማን ሊያነሳው ኖሯል?

ምቱንም አንርሳ። ችክችካ የሚባለው ምታችን ለማያውቀው ሰው ወጥመድ ነው። ሦስት ሦስት እያለ ይቆጠራል ሲሉት ሁለት ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ እግር ባንዱ፣ ትከሻ በሌላው ይሄዳል። የባንዱ ድራመር ሃርቪ ዊርት የሱሪናም ሰው ነው፤ ኮንጋውን የሚመታው ቪሴንቴ ሌብሮን የዶሚኒካን ሪፐብሊክ። ሁለቱም እግርና ትከሻ ለየብቻ ከሚሄድበት አገር የመጡ ናቸውና ወጥመዱ ውስጥ አልገቡም። እንዲያውም ቤታቸው አደረጉት። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሲጀምሩት ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘነ የነበረው ልጅ ሚዛኑን ትቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ደንበኛው ደግሞ ከመቆጣት ይልቅ አብሮት ነቀነቀ። የዋሊያስ ባንድን ኪቦርድ በሬዲዮ ሰምቼ ያደግሁበት ያ ዜማ በስድስት ትንፋሽ ሲነሳ ምን እንደሚሆን እኔ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ ሽለላው ልምጣ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነው።

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ሰው ናቸው፤ በ1927 ዓ.ም. ተወለዱ። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው፣ በልጅነታቸው በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ሳክስፎንና ክላርኔት ያዙ፤ ከዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ የፖሊስ ኦርኬስትራ። ሽለላን፣ ያንን ጀግና ከጠላት ፊት ቆሞ የሚደነፋበትን ቃል፣ ወደ ሳክስፎን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ቃሉን ትተው ድንፋታውን ብቻ ይነፉታል። ጎፈር ደፍተው፣ የጀግና ልብስ ለብሰው መድረክ ሲወጡ ያዩ ሰዎች ዛሬም ይተርካሉ። በዚያ የጥር ኮንሰርት ከኢዘር ኦርኬስትራ ጋር ሲነፉ ዕድሜያቸው ሰባ ሊደፍን ምንም አልቀረውም ነበር። ሰባ ዓመት! በዚያ ዕድሜ ሳክስፎን የሚይዝ ሰው ትንፋሹን ይቆጥባል ብላችሁ ጠብቁ። አይቆጥቡም። ያገሳሉ፣ ይሰብራሉ፣ ይለምናሉ፣ መልሰው ይፎክራሉ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ የአዝማሪ ጉሮሮ ነው፣ የማሲንቆ ጭራ ነው። ከኋላቸው የአሜሪካኖቹ ነፊዎች አሉ። እዚህ ላይ ነው የገርሾን አዋቂነት የሚታየው። ለመታየት አልተሽቀዳደመም። ለፎካሪው ሜዳውን አስፍቶ ሰጠው፣ ከኋላ ሆኖ ጉልበት ሆነው። የአሥር ሰው ባንድ መሪ፣ ራሱም ቴነር ሳክስፎን ነፊ የሆነ ሰው፣ በገዛ መድረኩ ላይ ለሌላ ቴነር ነፊ እንዲህ ሲታዘዝ ማየት እጅግ ያስደስታል። ጋሽ ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ነፍስ ይማር። ያ ትንፋሻቸው ግን እዚህ አለ፣ ሙሉውን!

በዚያ አልበም ላይ ሙላቱ አስታጥቄም አለ። የጅማው ልጅ በወጣትነቱ የተማረበት የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ ያለው ቦስተን ነው፤ ከኮንሰርቱ ጥቂት ዓመታት በኋላም ሃርቫርድ በተመራማሪነት ተቀብሎታል። ስለዚህ እነ ገርሾንና ሙላቱ አንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ድምፃውያኑ ባሕታ ገብረሕይወት፣ ጼዴንያ ገብረ ማርቆስና ሚካኤል በላይነህም አሉ። ዘፈኖቹ ያምራሉ፤ እኔን የያዙኝ ግን መሣሪያ ብቻ ያለባቸው ናቸው፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ እናንተ ሌላ ትፈርዱ ይሆናል። ታላቁ ዱክ ኢሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ የመጣው በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነበር፤ አብዮቱ ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል የአሜሪካ ትልቅ ባንድ እዚያ መድረክ አልወጣም ይባላል፤ እነ ገርሾን እስኪመጡ ድረስ።

በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ትንፋሹ ምን ሆነ? ሰዓት እላፊ መጣ። የምሽት ቤቶች ተዘጉ፣ ወይም ከነታዳሚያቸው እስኪነጋ በሩን ቆለፉ። ባንድ ማስተዳደር ከበደ፤ ከአራት ነፊ አንድ ኪቦርድ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ልጆቻችን ትራምፔት የሚያውቁት በሰልፍ ላይ፣ በበዓል ቀን ከማርሽ ባንድ ጋር ብቻ ሆነ። እዚህ ኬንያ በኩልም ቢሆን ናስ ማለት ወይ የፖሊስ ባንድ ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን። እንዲያውም እዚህ የሚያስተምር አንድ ሙዋሊሙ አለ፤ የምዕራብ ኬንያ ሰው ነው፣ በልጅነቱ በሳልቬሽን አርሚ ባንድ ውስጥ ኮርኔት ነፍቷል። አንድ ከሰዓት ሱቄ ገብቶ ይህን ሰማ። የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሦስቱን ቁልፎች ይጫኑ ጀመር። እኔ የማልሰማውን ይሰማል፤ «ሁለተኛውን ትራምፔት ስማ፣ ከመጀመሪያው እንዴት ጠብቆ እንደሚሄድ» ይለኛል፤ «ትሮምቦኑን ስማ፣ ድምፁን እያንሸራተተ እንደ ሰው ያደርገዋል» ይለኛል። አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም። ሽለላው ሲያልቅ ግን «ይህ ሰው ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያለ ቃል የተነፋ ፉከራ ከባሕር ማዶ ባንድ ጋር ሆኖ የምዕራብ ኬንያን መምህር ልብ መታው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዋሊሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ለመስማት ብቻ።

የገርሾን ሥራ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ሙድ ሚውዚክ ፎር ታይም ትራቨለርስ» የራሱ ድርሰቶች ያሉበት ነው። አዲስ አበባ ላይ የተማረው ነገር በዚያ ውስጥ ሲመላለስ እሰማዋለሁ፤ ዜማው የእኛ አይደለም፣ አተነፋፈሱ ግን ውስጡ ገብቷል። ትራምፔቶቹ የሚያርፉበት ቦታ፣ ቤዙ እየተሽከረከረ የሚመለስበት መንገድ ያስታውቃል። እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤቱን እንደገና ያደራጀ ሰው ነው።

ለሙዚቃ ተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ናይሮቢም ላላችሁ። ይህን አልበም በጆሮ ብቻ አትስሙት፤ ጻፉት። ስድስቱን ድርሻ ለየብቻ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ሁለተኛው ትራምፔት ምን ያደርጋል? አልቶው የት ላይ ነው ዝም የሚለው? ባሪቶኑ ለምን እዚህ ላይ ከቤዙ ተለየ? ከዚያ አራት ጓደኛ ፈልጉና ንፉት። ኪቦርዱ ይቀመጥ።

ለሌላው አድማጭ የምመክረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ስሙ፤ የምታውቁት ነውና በር ይከፍትላችኋል። ቀጥሎ «ባቲ» የሚለው ይሁን፤ በጸጥታ፣ ሰው በሌለበት። ሽለላውን ግን በስልክ እንዳትሰሙት። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ፈልጉ፤ ጎረቤት ቤት ካለ ተውሱ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ጎረቤቱ ቢቆጣ እሱንም ጥሩት፣ ወንበር አምጡለት፣ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እንደገና አሰሙት።